የመኪና ፊውዝና ሪሌ፤ አሠራራቸውና አለዋወጣቸው

ዕቃውን በመኪና የሚያስጭን ነጋዴ ሁሉ ስለ ሞተሩና ስለ ጎማው ይጠይቃል፤ ስለ ፊውዝ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ከጅማ የተነሣ ቡና ጅቡቲ ወደብ በደኅና መድረሱ አንዳንድ ጊዜ የሚወሰነው በዚህች ትንሽ ዕቃ ነው።

ፊውዝ በውስጡ ቀጭን የብረት ቅጥል አለው። በመሥመሩ የሚያልፈው ኮረንቲ ከተወሰነው መጠን ሲበልጥ ቅጥሉ ቀልጦ ይበጠስና መሥመሩ ይቋረጣል፤ ገመዱም ግሎ እሳት ከማንሣት ይድናል። ስለዚህ የፊውዝ መቃጠል ጉድለቱ ሳይሆን ተግባሩ ነው።

የኮረንቲው መጠን በአምፔር ይለካል፤ ዋቱን ለቮልቱ በማካፈልም ይገኛል። በ12 ቮልት መኪና ላይ እያንዳንዳቸው 55 ዋት የሆኑ ሁለት የፊት መብራቶች በአንድነት 110 ዋት ይወስዳሉ፤ ይህም ለ12 ሲካፈል ከ9 አምፔር ጥቂት ይበልጣል። ይህን ጭነት ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ሲችለው ባለ 5 አምፔሩ ወዲያው ይቃጠላል። ባለ ሁለት እግሩን ፊውዝ ቀለሙ ይለየዋል፤ ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ ጥርት ያለው ነጭ 25፣ አረንጓዴው 30 አምፔር ነው።

ሪሌ ደግሞ በትንሽ ኮረንቲ ትልቁን የሚያዝ ማብሪያ ነው። ነጂው ማብሪያውን ሲጫን በሪሌው ውስጥ የተጠቀለለው ሽቦ ማግኔት ይሆንና የብረቱን ምላስ ይስባል፤ ያን ጊዜ የባትሪው ኮረንቲ ወደ መብራቱ ወይም ወደ ጡሩምባው ያልፋል። በብዙዎቹ ሪሌዎች ላይ 85 እና 86 የጥቅሉ ጫፎች ናቸው፤ 30 ከባትሪ የሚመጣው፣ 87 ወደ መሣሪያው የሚሄደው ነው።

ፊውዝ ሲለወጥ ሞተሩ ይጠፋል፤ ቁልፉም ይነቀላል። በፊውዝ ሣጥኑ ክዳን ላይ የተጻፈው ቁጥር ታይቶ የተቃጠለው ይወጣል፤ በቦታውም ያው ቁጥር ያለው ይገባል። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ ሦስተኛ መጨመር ከንቱ ነው፤ የተላጠ ገመድ ወይም የተበላሸ መሣሪያ ስለሚኖር መካኒክ ይፈልገው። ሪሌ ሲጠረጠር ከዚያው መኪና ላይ ዓይነቱና ቁጥሩ አንድ የሆነ ሌላ ሪሌ ለጊዜው ተክቶ መሞከር ይቻላል።

አደጋው የሚመጣው ነጂው በሌሊት ፊውዝ ሲያጣ ነው። የመዳብ ሽቦ ጠቅልሎ ሲያስገባ መብራቱ ይበራል፤ ጠባቂው ግን የለም። ሽቦው ስለማይበጠስ የሚነደው ገመዱ ይሆናል፤ ከገመዱም ወደ መኪናው፣ ከመኪናውም ወደ ጭነቱ ያልፋል።

በዚህ ረገድ የመለዋወጫ ነጋዴ ኃላፊነት አለበት። የቤት መኪና አብዛኛውን ጊዜ 12፣ ከባዱ የጭነት መኪና ግን 24 ቮልት ነው። የ12 ቮልት ሪሌ በ24 ላይ ቢገባ ጥቅሉ ይቃጠላል፤ የ24ቱም በ12 ላይ በሚገባ አይስብም። እንግዲህ ባለሱቅ ቮልቱን ሳይጠይቅ ሪሌ አይሽጥ። አስመጪም ዋጋው ረከሰ ብሎ ብዙ ከማዘዙ በፊት ናሙናውን ያስፈትን፤ ደረጃውን የጠበቀ ባለ ሁለት እግር ፊውዝ የመጠኑ እጥፍ ኮረንቲ ሲያልፍበት በ5 ሴኮንድ ውስጥ መቅለጥ አለበት። ቀለሙ አምሮ የማይቀልጥ ፊውዝ ከመዳብ ሽቦ አይሻልም።

ባለመኪናም በየመኪናው ከየቁጥሩ ጥቂት መጠባበቂያ ፊውዝ ያስቀምጥ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።