በጅቡቲ ከተማ የበሶብላ ዘር ለመዓዛው መርጠው ለማውጣት ሲያስቡ ማወቅ ያለብዎ

ጅቡቲ ከተማ ሆነው በረንዳዎ ላይ በሶብላ ሊያለሙና ሽታው የጠነከረውን እየመረጡ የራስዎን ዘር ሊያወጡ ነው? ባልዲ ከመግዛትዎ በፊት እነዚህን ያጢኑ።

1. ሽታው ከምን ይመጣል? በሶብላን ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚያሸተው ዩጂኖል የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ መጠኑ ከዘር ዘር ስለሚለያይ ለምርጫ ይመቻል።

2. መቼ ይዘራል? በሶብላ ሙቀት ይወዳል፤ ብርድ ነው የማይችለው። ሆኖም ከሰኔ እስከ ነሐሴ የጅቡቲ ሙቀት 40 ዲግሪ እያለፈ፣ ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስም እየነፈሰ ችግኝ አይጸናም። በጥቅምት ዘርተው እስከ መጋቢት ዘር መሰብሰብ ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ጥላ አይለየው።

3. ውሃዎ ጨዋማ ነው? የጉድጓድ ውሃ እዚህ ጨው ይበዛበታል። የቅጠሉ ጠርዝ ተቃጥሎ ካዩ ምልክቱ ይህ ነው። ባልዲው ከሥሩ የተበሳ ይሁን፤ አልፎ አልፎም ውሃው በቀዳዳው እስኪፈስ ያጠጡት፤ ጨዉን አጥቦ ይወስደዋል።

4. ንብ ይደርስበታል? ጎረቤት ሌላ በሶብላ ካለው ንብ ያዳቅልብዎታል። አበባው ሳይፈነዳ ዘለላውን በስስ ሻሽ ይሸፍኑ፤ ሻሹን ሳይፈቱ በየቀኑ ቀስ አድርገው ይነቅንቁት።

5. በምን ይመርጣሉ? ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በሶብላ በርበሬና ሽሮ ውስጥ የሚገባው ደርቆ ስለሆነ፣ ትኩሱን አሽትተው አይወስኑ፤ ትኩስ ሳለ ያወደ ሁሉ ሲደርቅ አያውድም። በአንድ ጊዜ የተዘሩትንና እኩል ውሃ የጠጡትን ተክሎች አበባ በጥላ ያድርቁ፤ አንድ ቁንጥር በመዳፍዎ ፈትገው ያሽትቱ። ሦስት አራት ካሸተቱ በኋላ አፍንጫዎን ያሳርፉ።

6. ዘሩ ይጸናል? የአበባው ቅርፊት ቡናማ ሲሆን ዘሩን ይልቀሙ፤ የበሰለው ጥቁር ነው። ከአንድ ሳይሆን ከጥቂት ምርጥ ተክሎች ይያዙ። በሚቀጥለው ወቅት ልጆቹ ሽታቸው ከተለያየ ምርጫው ገና አላለቀም።

7. ዘሩን ከየት ያመጣሉ? ከኢትዮጵያ ከሆነ የእጽዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድመው ጉምሩክን ይጠይቁ።

የፈለጉት ለዓመት በርበሬዎ የሚሆን ብቻ ከሆነ ደረቁን ይግዙ፤ ይረክሳል። ሁለት ሦስት ወቅት ለመታገሥ ከቆረጡ ግን ከጥቅምት ይጀምሩ።