ፈርማን ያሳሳተው ባለ 10 አኃዝ ቁጥር

በዚህ እትም የማቀርብላችሁ ቁጥር 4,294,967,297 ነው። ስለ እርሱ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የገዛ ስሕተቴ ነው። ባለፈው ክረምት ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ታናናሾች ሒሳብ ሳስጠና፣ ከዚህ በታች ያለውን ስሌት በሰሌዳ ላይ ጽፌ «እንዲህ እያለ ያለ ማቋረጥ ይቀጥላል» አልኋቸው። አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ ይህ በምን ታወቀ?» ብላ ብትጠይቀኝ፣ «አምስቱን አይተሽ የለም ወይ?» ብዬ ዝም አሰኘኋት።

ስሌቱ ይህ ነው። 2ን በራሱ ብናባዛ 4፣ 4ን በራሱ 16፣ 16ን በራሱ 256፣ 256ን በራሱ 65,536 ይሆናል። ከ2 ጀምረን በእያንዳንዱ ላይ 1 ስንጨምር 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 እናገኛለን። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ይኸውም ከ1ና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው የለም። ፈረንሳዊው የሕግ ሰው ፒየር ደ ፈርማ በ1640 እ.ኤ.አ. ይህን ተመልክቶ፣ የሚከተሉትም ሁሉ ብቸኛ እንደሚሆኑ እንደሚያምን ጻፈ። ማረጋገጫ እንዳላገኘለት ግን አልደበቀም፤ በዚህስ ከእኔ ይሻላል።

65,536ን በራሱ አባዝተን 1 ስንጨምር ከላይ የጠቀስሁት ቁጥር ይመጣል። ስዊስ አገር ተወልዶ በፒተርስበርግ ይሠራ የነበረው ሌዎናርድ ኦይለር በ1732 ይህ ቁጥር በ641 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል አሳየ። እባካችሁ እኔን አትመኑኝ፤ እርሳስ አንሡ። 6,700,417 በ600 ሲባዛ 4,020,250,200 ነው፤ በ40 ሲባዛ 268,016,680፤ በ1 ሲባዛ ያው ራሱ። ሦስቱን ደምሩና እዩ።

641 እንዴት ተገኘ? ብቸኛ ቁጥሮችን ከ2 ጀምሮ በተራ እየሞከረ ለሚሄድ ሰው 641 116ኛው ነው፤ በእጅ ለሚያካፍል ብዙ ድካም አለበት። ኦይለር ግን ይህን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ቢኖር በ64 ሲካፈል 1 የሚተርፈው መሆን እንዳለበት አስረዳ። እንግዲያስ የሚሞከሩት 193፣ 257፣ 449፣ 577 ናቸው፤ አምስተኛው 641 ራሱ ነው። 116ቱ ማካፈል ወደ 5 ወረደ ማለት ነው! እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ይህ ነው፤ ለፈርማም የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ በሆነ ነበር።

አምስቱ ቁጥሮች ከንቱ አልቀሩም፤ ጋውስ በ1796 እኩል 17 ጎን ያለው ሥዕል በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሊሠራ እንደሚችል ያሳየው በእነዚሁ ምክንያት ነው። ስድስተኛ ብቸኛ ግን እስካሁን አልተገኘም። እንዲያውም ከ4,294,967,297 ጀምሮ ያሉት 28 ተከታታዮች በሙሉ ብቸኛ አለመሆናቸው ታውቋል።

ለጠየቀችኝ እኅቴ በመጪው እሑድ በዚያው ሰሌዳ ላይ እመልስላታለሁ። እስከዚያው ቀጣዩ ቁጥር 18,446,744,073,709,551,617 ነው፤ በ1880 274,177 እንደሚያካፍለው ተገኘ፤ ድርሻውም 67,280,421,310,721 ነው። ማባዛቱን ለእናንተ ትቻለሁ፤ ሰፋ ያለ ወረቀት አዘጋጁ።