ተራው የማን ነው?

የዕድር ድንኳን ሊተክል የሚመጣ ጎረቤት በዚያ ጠዋት ልቡ ስለተነሳሳ አይደለም የሚመጣው። ምናልባት እንቅልፍ አልጠገበም፤ ምናልባት ከሟቹ ቤተሰብ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቅርበት የለውም። ግን ተረኛ ነው፤ ይመጣል። ድንኳኑ ይቆማል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም።

«ተነሳሱ! ወስኑ! ትችላላችሁ!» የሚሉ ምክሮች ሰልችተዋችሁ ከሆነ ዛሬ የማቀርበው ከዚያ የቀለለ ነው። ስሜታችሁ እስኪነሳሳ አትጠብቁ፤ ተራ ያዙ። ሰፈራችሁን የሚለውጠው ይህ ነው፤ እናንተንም።

ምሳሌ ፍለጋ ከክፍለ ከተማችን ከንፋስ ስልክ ላፍቶ መውጣት አያስፈልገንም። ትንሹ አቃቂ ወንዝ በመካኒሳ በኩል ቁልቁል ሲወርድ፣ ዳርና ዳሩ ላይ ለአሥርተ ዓመታት ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ቀይ ሥር ሲመረት ኖሯል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በመካኒሳ፣ በፉሪና በሳሪስ የሚያመርቱት ድሆች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጁ። እ.ኤ.አ. በ1994 በካናዳ የታተመ አንድ ጥናት እነዚህን ሰዎች ቀረብ ብሎ ሲያያቸው፣ አብዛኞቹ ትናንት ከገጠር የመጡ ሳይሆኑ ለረጅም ዓመታት በከተማዋ የኖሩ ሆነው አገኛቸው። ቤተሰብ ሲበዛና ገቢ ሲያጥራቸው ጊዜ፣ በእጃቸው ያለውን ጥቂት መሬት ማልማቱን ተያያዙት። እያንዳንዱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ አቅም አልነበረውም፤ በማኅበር ሲሆኑ ግን መሬታቸውን ለማስከበርም፣ ድምፃቸውን ለማሰማትም ቻሉ።

ወንዙ ግን የከተማው ቆሻሻ ሁሉ መውረጃ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በአዲስ አበባ በሚመረቱ ቅጠላ ቅጠሎች ላይ ከባድ ብረታ ብረቶች መኖራቸውን ሲያሳይ፣ ጥቅል ጎመን ከሰላጣና ከቆስጣ ያነሰ እንደሚሰበስብ ጠቁሟል። ስለዚህ ጓሮ ስታለሙ የወንዝ ውኃ አትጠቀሙ። ጣሪያችሁ አለላችሁ! አርባ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1,000 ሊትር ውኃ ነው፤ ጠብታው ሳይባክን ከተያዘ አምስት በርሜል ይሞላል። በሐምሌና በነሐሴ እንዲህ ያለ ውኃ በነጻ ወርዶ በየቦዩ ሲያልፍ ቆመን እናየዋለን።

ስለ ችግኝ ደግሞ እናውራ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 መንግሥት በአገር አቀፍ ደረጃ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን አስታወቀ። በዚያ ቀን አካፋ የያዘ ሁሉ የደስታውን ልክ ያውቀዋል። ከባዱ ሥራ የሚጀምረው ግን ፎቶው ከተነሳ በኋላ፣ ዝናቡ አቁሞ መሬቱ መሰንጠቅ ሲጀምር ነው። ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ ይህን በራሷ ደርሶባት ተማረችው። እ.ኤ.አ. በ1977 በናይሮቢ ከጓደኞቿ ጋር ሰባት ዛፎች ተከለች፤ ከሰባቱ የጸደቁት ሁለት ብቻ ናቸው። ተስፋ አልቆረጠችም፤ አሠራሯን አስተካከለች። የጀመረችው የዛፍ ተከላ ንቅናቄ እየሰፋ ሲሄድ፣ ችግኝ ለሚተክሉት ሴቶች አነስተኛ ክፍያ ይሰጥ የነበረው ለተተከለው ሳይሆን ለጸደቀው ችግኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ስትቀበል ንቅናቄው ከ30 ሚሊዮን በላይ ዛፍ ተክሎ ነበር።

በጀሞ ኮንዶሚኒየም ወይም በለቡ መንደር የምትኖሩ ከሆነ እስቲ አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ 34 ሳምንት ገደማ ነው። በአንድ ብሎክ 17 ቤት ተስማምቶ በየሳምንቱ አንድ ቤት ችግኙን ለማጠጣት ተራ ቢይዝ፣ ለእያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው በዓመት ሁለት ሳምንት ብቻ ነው! «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት አባቶቻችን ይህንኑ ስሌት ነው የነገሩን። የጋራ ግቢው ደግሞ የማንም አይደለም ብላችሁ አትለፉት፤ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ ይዞታው የቤት ባለቤቶች ሁሉ ነው፤ የሚያስተዳድረውም ማኅበራቸው።

ቆሻሻም ተራ ይፈልጋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 በቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። ያ ክምር ከየቤታችን በወጣ ፌስታል የተሠራ መሆኑን መርሳት የለብንም። ከአዲስ አበባ ደረቅ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነው፤ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ። ከደረቅ ቅጠል ጋር እያፈራረቃችሁ ብትከምሩት፣ እርጥበቱን ጠብቃችሁ በየሳምንቱ ብታገላብጡት፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ጥቁር አፈር ይሆንላችኋል። ሥጋና አጥንት ብቻ አትጨምሩበት፤ አይጥና ውሻ ይጠራል። ሃይላንዱንና ካርቶኑን ለይታችሁ ስታስቀምጡት ደግሞ ቆራሌው ይወስደዋል። የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513/1999 የቤተሰብ ኃላፊዎች መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን እንዲለዩ ያዘዘው ከዓመታት በፊት ነው። ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ በ2012 ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ የሄደው፣ ኋላም ወደ እናንተ የመጣው የአትክልት ገበያ የሚጥለው ቅጠል ለሚያበሰብስ ሰው ሀብት ነው።

እንዴት እንጀምር? አራት ነገር ብቻ።

አንደኛ፣ ቦታውን አሳንሱ። «ላፍቶን እናጽዳ» አትበሉ። በራችሁ ፊት ያለውን ቦይ፣ ሕፃናት የሚጫወቱበትን ጥግ፣ ከብሎኩ ጀርባ ያለውን አሥር ሜትር ምረጡ።

ሁለተኛ፣ የሚያውቋችሁን ጥሩ። አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋማችሁ በፊት ዕድሩ አለ፣ ዕቁቡ አለ፣ የቅዳሜ ቡና አለ። ሦስት ጎረቤት ከተስማማ ሥራው ተጀምሯል።

ሦስተኛ፣ ተራውን ጽፋችሁ ደረጃው ላይ ለጥፉ። የቤት ቁጥርና ሳምንት ይበቃል። የታመመ ወይም መንገድ የሄደ ቢኖር ከጎረቤቱ ጋር ይቀያየር፤ ጭቅጭቅ አያስፈልግም።

አራተኛ፣ የተተከለውን ሳይሆን የጸደቀውን ቁጠሩ። በሰኔ ላይ አብራችሁ ዞራችሁ እዩ፤ የደረቀውን በሐምሌ ተኩ። ከአሥር ስድስቱ ከጸደቀ ለስድስቱ ቡና አፍሉ።

ይህን ስታደርጉ በእናንተም ላይ አንድ ነገር ይሆናል። ብቻችሁን ስፖርት ለመጀመር አቅዳችሁ የተዋችሁት፣ ለማንበብ አስባችሁ የዘነጋችሁት ብዙ ነገር አለ። የተዋችሁት ሰነፍ ስለሆናችሁ ሳይሆን የሚጠብቃችሁ ሰው ስላልነበረ ይሆናል። ተራ የያዘን ሰው ግን ጎረቤት ይጠብቀዋል። ዛሬ ውኃ ማጠጣት ሳያምርህ ስታጠጣ፣ ዛሬ ቦዩን መጥረግ ሳያሰኝሽ ስትጠርጊ፣ ቃልን መጠበቅ እየለመዳችሁ ነው። እዚህ የለመዳችሁት ወደ ሥራችሁ፣ ወደ ትምህርታችሁ፣ ወደ ቤታችሁ ይከተላችኋል።

እንግዲህ ወረቀቱን አውጡ። በመጀመሪያው ሳምንት ላይ የራሳችሁን የቤት ቁጥር ጻፉ፤ ለሁለተኛው ሳምንት የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ።