በቡና አገር ስለ ጓሮ አትክልት የውሃ አያያዝ

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ዝናም ብዙ ስለሆነ ስለ ውሃ ቁጠባ መናገር ለብዙ ሰው ከንቱ ነገር ይመስለዋል። ነገር ግን በዓመት የሚዘንመው በመካከለኛው ከ1500 ሚሊ ሜትር የማያንስ ሲሆን፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የሚወርደው ጥቂት ነው። በነዚህ ወራት ጎመኑ ይጠወልጋል፤ አዲስ የተተከለው የቡና ችግኝ ይደርቃል፤ ሴቶችና ልጃገረዶችም ውሃ ተሸክመው ከምንጭ ይመላለሳሉ።

በክረምት ከቤት ክዳን ወርዶ ደጁን ሸርሽሮ የሚሄደው ውሃ ምን ያህል እንደሆነ በሒሳብ ይታወቃል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናም በ1 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ ቢወርድ 1 ሊትር ይሆናል። ስለዚህ 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ የለበሰ ቤት በዓመት 60000 ሊትር ይቀበላል፤ አምስተኛው እጅ ቢባክን እንኳ 48000 ይተርፋል። 20 ካሬ ሜትር የጎመን መደብ ግን በቀን 80 ሊትር ያህል ቢጠጣ፤ ለ90 የበጋ ቀን 7200 ሊትር ብቻ ይበቃዋል።

ይሁን እንጂ በርሜል መግዛት ነገሩን አይፈታውም፤ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ለዚያ መደብ ሦስት ቀን አያደርስምና። በርሜሉ ለችግኝ ይሁን፤ ክዳንም ይኑረው፤ ክፍት ውሃ ትንኝ ያራባል፤ ቴፒም ወባ የሚያሰጋት አገር ናት። ከሁሉ የሚበልጠው የውሃ ጎተራ መሬቱ ራሱ ነው።

ስለዚህ መደቡ ተዳፋቱን አግድም ይዞ ይሠራ፤ በላዩም በኩል ውሃው ቆሞ የሚሰርግበት ቦይ ይቆፈር። አፈሩ በሙዝ ቅጠልና በቡና ገለፈት አራት ጣት ያህል ይጎዝጎዝ፤ ከቡናው ግንድ ግን አንድ ስንዝር ይራቅ። ጉዝጓዙ አረሙን ስለሚያፍን ኩትኳቶውን ይቀንሳል። ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም፤ ቡናን አድርቆ የሚገድለው የፈንገስ በሽታ በመኮትኮቻ በቆሰለው ግንድ በኩል ይገባልና። ጎደሬና ሙዝ የእቃ እጣቢ በሚፈስበት ይተከሉ። እንሰት በግንዱ ውሃ ስለሚያከማች በጋውን ይችላል። ኮረሪማም ከዋንዛ ጥላ ሥር ይስማማዋል። ለቲማቲምና ለቃሪያ፤ ያልተለበጠ የሸክላ ማሰሮ እስከ አንገቱ ቀብሮ፤ ውሃ ሞልቶ መክደን ይበጃል፤ ውሃው በጥቂት በጥቂቱ ወደ ሥሩ ይዘልቃል።

ሰፊ የቡና ይዞታ ያለው ሰው ይህን ለራሱ ደጅ ብቻ ሳይሆን ለሠራተኞቹም መኖሪያ ጓሮ ሊያደርገው ይገባል። የወረዳ ሹማምንትም ሥራውን በመሥሪያ ቤታቸውና በትምህርት ቤቱ ጓሮ ጀምረው ያሳዩ። ሕዝቡን ለቦይ ቁፋሮ ሲያስተባብሩ ግን የቡና ለቀማ ከተፈጸመ በኋላ፤ በየካቲትና በመጋቢት፤ ዝናሙ ሳይበረታ ይሁን።