ኩሬው ለምን ቶሎ ይደርቃል?

በዚህ ጽሑፍ ዝናብ የሞላው ኩሬ ወይም ረግረግ ውሃውን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚይዝ እናያለን። ርዕሱን የመረጥነው ባለፈው ክረምት ከቤር ሼቫ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ አንዲት ኩሬ አግኝተን ስለተከታተልናት ነው። እንዲህ ያለች ኩሬ በዕብራይስጥ «ሽሉሊት ሖረፍ» ትባላለች። ውስጧ ጅራታቸውን የሚያወዛውዙ የእንቁራሪት ልጆች ነበሩ። እግር አውጥተው ወደ ደረቅ መሬት እስኪወጡ ብዙ ሳምንታት ውሃ ያስፈልጋቸዋል።

መጀመሪያ ሁላችንም የዝናቡ መጠን ብቻ የሚወስን መስሎን ነበር። በቤር ሼቫ በዓመት በአማካይ ወደ 200 ሚሊ ሜትር ይዘንባል፤ በጎንደር ከ1,000 ይበልጣል። ግን አፈሩም ይወስናል። የእኛ አፈር ሌስ ይባላል፤ ነፋስ ያመጣው በጣም ደቃቅ አቧራ ነው። የዝናብ ጠብታ ሲመታው ፊቱ ተጣብቆ እንደ ቅርፊት ይሆናል። ያን ጊዜ ውሃው መስረጉን ትቶ በላዩ ይሮጣል። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ የሆነው ናሐል ቤር ሼቫ ድንገት በጎርፍ የሚሞላው ለዚህም ነው። ውሃው ጎድጓዳ ቦታ ካገኘ ግን ያው ቅርፊት ከሥር ይይዘዋል። በደቡብ ምዕራብ ባለው በሐሉፃ አሸዋ ላይ ያው ዝናብ ቢዘንብ ወዲያው ሰርጎ ይጠፋል።

ይህን ለአንዲት ተማሪ አያት ስንነግራቸው ሳቁ። «ታዲያ ዋልካን አታውቁም ማለት ነው» አሉን። ያደጉት ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን በደንቢያ ነው። ዋልካ ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይኖረዋል። የመጀመሪያው ዝናብ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ከዚያ አፈሩ አብጦ ስንጥቁን ይዘጋና ውሃው ሜዳው ላይ ይተኛል። ዝናቡ ሲያበቃ ገበሬው በቀረው እርጥበት ሽንብራና ጓያ ይዘራል። እኛ ይህን ከመጽሐፍ ለመረዳት ብዙ ደክመን ነበር፤ እማማ በሁለት ደቂቃ ጨረሱት።

«ክረምት» የሚለው ቃልም አሳስቶናል። በኢትዮጵያ ክረምት ከሰኔ ጀምሮ ነው፤ ደመናው ፀሐይን ይሸፍናል። በእስራኤል ክረምት የብርድ ወቅት ስለሆነ ትነቱ ትንሽ ነው። ችግሩ የሚመጣው በማርችና በአፕሪል፣ ሻራቭ የሚባለው ሞቃት ነፋስ ሲነፍስ ነው። በቤር ሼቫ ከውሃ ፊት ላይ በዓመት ሊተን የሚችለው ከሚዘንበው ብዙ እጥፍ ነው።

ሰውም አለበት። ከጣና በስተ ምሥራቅ በፎገራ ሜዳ ሸሸርና ወላላ የሚባሉ ረግረጎች አሉ። ገበሬዎች ውሃውን በፓምፕ ስበው መሬቱን ስለሚያርሱ ረግረጉ ቀድሞ ይደርቃል። እኛ እነርሱን መውቀስ አልቻልንም፤ መሬቱ እንጀራቸው ነው። በነጌቭ ደግሞ ሊማን የሚባል አለ፤ ጎርፉን በአፈር ግድብ አቁመው ዛፍ ያጠጡበታል።

ኩሬያችን ሻራቭ ከነፈሰ በኋላ መዳፍ የሚያህል ውሃ ቀራት። ጥቂቶቹ የኋላ እግር አውጥተው ነበር። ግማሾቻችን በባልዲ ውሃ እናምጣ አልን፤ ሌሎቻችን ተፈጥሮን አንንካ አልን። ዓርብ ስንከራከር መሸ። እሑድ ስንሄድ ጭቃው እንደ ዋልካ ተሰንጥቆ ነበር። ስንቶቹ እንደ ወጡ አላወቅንም።