ትምህርት አሥራ ሁለት፦ የአሪዞናው ጉድጓድ ክርክር

ሀ. ምንባብ

አንድ ሰው በትክክል ለክቶና በጥንቃቄ አመዛዝኖ ሳለ ወደ ተሳሳተ ፍርድ ሊደርስ ይችላልን? በዚህ ጥያቄ ላይ ጥቂት ከተወያያችሁ በኋላ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በሰሜን አሜሪካ፣ በአሪዞና ግዛት፣ ለጥ ባለ ደረቅ ሜዳ ላይ አንድ ታላቅ ክብ ጉድጓድ ይገኛል። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 1,200 ሜትር፣ ጥልቀቱም 170 ሜትር ያህል ነው። ጠርዙ ከሜዳው 45 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንደ ቅጥር ዙሪያውን ከብቦታል። በአካባቢውም ኒኬል የተቀላቀለበት የብረት ስብርባሪ ተበትኖ ይገኝ ነበር። ይህን ጉድጓድ የቈፈረው ምንድን ነው? ለዚህ አጭር ጥያቄ የተሟላ መልስ ለማግኘት 70 ዓመት ያህል ፈጅቷል።

በ1891 ግሮቭ ካርል ጊልበርት የተባለ ስመ ጥር የሥነ ምድር ሊቅ ወደ ስፍራው ሄደ። በፊቱ ሁለት መላምቶች ነበሩ። አንደኛው፣ ከሰማይ የወረደ ታላቅ ብረት ምድርን መትቶ ቈፈረው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው በምድር ውስጥ የታመቀ እንፋሎት ፈንድቶ ፈጠረው የሚል ነበር። ሁለተኛው መላምት ከእውነት የራቀ አይመስልም ነበር፤ በአገራችንም በቢሾፍቱ ዙሪያ ካሉት ሐይቆች አንዳንዶቹ የተኙት የቀለጠ አለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ በፈጠረው ፍንዳታ በተከፈተ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ጊልበርት ሁለቱን ለመለየት እንዲህ ሲል አሰበ፦ «ጉድጓዱን የቈፈረው የሰማይ ብረት ከሆነ፣ ብረቱ ከወለሉ ሥር ተቀብሮ መገኘት አለበት። ተቀብሮ ካለም የማግኔት መርፌን መሳብ አለበት። ደግሞም ብረቱ ቦታ ስለሚይዝ፣ በጠርዙ ላይ የተከመረው ድንጋይ ወደ ጉድጓዱ ቢመለስ ሞልቶ መትረፍ አለበት።» ከዚያም ለካ። መርፌው ከቦታው አልተዛባም፤ ክምሩም ከጉድጓዱ ይዘት ጋር እኩል ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ጉድጓዱ የእንፋሎት ሥራ ነው ብሎ ፈረደ። የሚያስደንቀው፣ በጨረቃ ላይ የሚታዩት ጉድጓዶች በሰማይ አካላት ምት የተፈጠሩ ናቸው ብሎ ያስተማረው ይኸው ሊቅ መሆኑ ነው።

ዳንኤል ባሪንጀር የተባለ የማዕድን መሐንዲስ ግን ይህን ፍርድ አልተቀበለም። በ1903 የመቈፈር መብት አግኝቶ ሥራ ጀመረ። በጠርዙ ላይ የድንጋዩ ንብብር ተገልብጦ፣ የታችኛው ከላይ፣ የላይኛው ከታች ሆኖ አገኘው። የአሸዋ ድንጋዩ እንደ ዱቄት ደቅቆ ነበር። የብረቱም ስብርባሪ ከተፈናቀለው ድንጋይ ጋር ተደባልቆ ይታይ ነበር። ከእነዚህ ምልክቶች ተነሥቶ ጉድጓዱ የሰማይ ብረት የመታው ስፍራ ነው አለ፤ በዚህም ትክክል ነበር። ሆኖም በሚሊዮን ቶን የሚቈጠር ብረት ከሥሩ አለ ብሎ ያምን ነበርና ሀብቱን በቁፋሮ ላይ አፈሰሰ። በመካከሉ ቢቈፍር አጣው። በጭቃ ላይ በሰያፍ የተተኰሰ ጥይት ክብ ቀዳዳ እንደሚተው ባየ ጊዜ፣ «እንግዲያውስ ብረቱ በስተ ጎን ገብቶ ይሆናል» ብሎ ቁፋሮውን ወደ ደቡቡ ጠርዝ አዛወረ፤ በዚያም ክምችቱን አላገኘም።

በ1929 የሥነ ፈለክ ሊቁ ፎረስት ሞልተን ነገሩን በስሌት መረመረው። ከሰማይ በዚያን ያህል ፍጥነት የሚወርድ አካል ምድርን ሲመታ ኃይሉ በቅጽበት ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ ራሱ ይፈነዳል። ስለዚህ ትንሽ አካል እጅግ ሰፊ ጉድጓድ ሊከፍት ይችላል፤ ከሥሩ የሚገኘው ብረትም ጥቂት ነው። ባሪንጀር በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ በሞት ተለየ።

የመጨረሻው ማስረጃ የተገኘው በ1960 ነው። ኤድዋርድ ቻኦና ዩጂን ሹሜከር ከባልደረባቸው ጋር ሆነው፣ ከዚሁ ጉድጓድ በተወሰደ የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ኮሳይት የተባለ ማዕድን መኖሩን ገለጡ። ይህ ማዕድን በ1953 በቤተ ሙከራ የተሠራ ሲሆን፣ የሚፈጠረው እጅግ ከፍተኛ በሆነ ግፊት ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለውን ግፊት የእንፋሎት ፍንዳታ በምድር ገጽ አጠገብ ሊያስገኘው አይችልም። ብዙ ሳይቆይ ይኸው ማዕድን በጀርመን አገር የኖርድሊንገን ከተማ ባለበት ሰፊ ክብ ስፍራም ተገኘ፤ የእሳተ ገሞራ ሥራ ይባል የነበረውም ስፍራ የምት ጉድጓድ መሆኑ ታወቀ። የአሪዞናውን ጉድጓድ የቈፈረው 50 ሜትር ያህል ስፋት የነበረው ብረት ሲሆን፣ የወደቀውም ከዛሬ 50,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ይገመታል።

እንግዲህ ጊልበርትና ባሪንጀር በክርክር ቢለያዩም የተሰናከሉት በአንድ ድንጋይ ነው። ሁለቱም ብረቱ ሳይፈርስ ተቀብሮ ይቀራል ብለው አመኑ፤ ይህን እምነታቸውን ግን አልመረመሩትም። አንዱ ብረቱን ስላጣ ምቱን ካደ፤ ሌላው ምቱን ስላረጋገጠ ብረቱን ሲፈልግ ኖረ።

ለ. የግንዛቤ ጥያቄዎች

1. ጊልበርት መላምቶቹን ለመለየት ያደረጋቸው ሁለት ልኬቶች ምን ምን ናቸው?
2. ባሪንጀር በምን ትክክል ነበር? በምንስ ተሳሳተ?
3. የኮሳይት መገኘት ክርክሩን የዘጋው ለምንድን ነው?
4. «የተሰናከሉት በአንድ ድንጋይ ነው» የሚለውን አነጋገር በራሳችሁ ቃል አብራሩ።

ሐ. ሰዋስው፦ ሁኔታን የሚገልጹ ዐረፍተ ነገሮች

የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

1. ጉድጓዱን የቈፈረው ብረት ከሆነ፣ ብረቱ ከሥሩ መገኘት አለበት።
2. ብረቱ ከሥሩ ተቀብሮ ቢሆን ኖሮ፣ መርፌው በተሳበ ነበር።

የመጀመሪያው ነገሩ ገና ሳይታወቅ የተነገረ ነው፤ እውነት ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ሁለተኛው ግን ነገሩ እንዳልሆነ ከታወቀ በኋላ የተነገረ ነው። «ቢ... ኖሮ» በተባለ ጊዜ ድርጊቱ አልተፈጸመም፤ «ባይ... ኖሮ» በተባለ ጊዜ ግን ተፈጽሟል። ለምሳሌ «ባሪንጀር ባይቈፍር ኖሮ ሀብቱ ባላለቀ ነበር» ብንል፣ ቈፍሯል፤ ሀብቱም አልቋል ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ የዐረፍተ ነገሩ አሠራር ትክክል ቢሆንም በ«ከሆነ» እና በ«አለበት» መካከል ያለው ግንኙነት ካልተመረመረ ፍርዱ ሊሳሳት ይችላል።

መልመጃ፦ የሚከተሉትን በምሳሌው መሠረት «ኖሮ» በሚል ቃል አጣምራችሁ ጻፉ።

ምሳሌ፦ ዝናቡ አልጣለም፤ ገበሬው አልዘራም። — ዝናቡ ቢጥል ኖሮ ገበሬው በዘራ ነበር።

1. ብረቱ ፈነዳ፤ ባሪንጀር አላገኘውም።
2. ጊልበርት የፍጥነቱን ኃይል አላሰላም፤ ተሳሳተ።
3. ኮሳይት ተገኘ፤ ክርክሩ ተዘጋ።

መ. ድርሰት

በአካባቢያችሁ ሰዎች በምክንያቱ የማይስማሙበትን አንድ ነገር ምረጡ፤ የምንጭ መድረቅ ወይም የግንብ መሰንጠቅ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው አንቀጽ ሁለት መላምቶችን አቅርቡ። በሁለተኛው፣ እያንዳንዱ እውነት ከሆነ ምን መታየት እንዳለበት አመልክቱ፤ ያያችሁትንም ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ ጻፉ። በሦስተኛው ፍርዳችሁን ስጡ፤ ፍርዱ የቆመበትንና ገና ያልተመረመረውን እምነትም ሳትደብቁ ግለጡ።