የተማሪዎች መዝገብ በራስ ኮምፒዩተር ላይ፦ ዳታቤዝ ላለው ድረ ገጽ የመሥሪያ ከባቢን ማደራጀት

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ የፔንዱለምን ምልልስ የሚለካ ተማሪ የክሩን ርዝመትና የመነሻውን ማዕዘን በራሱ እጅ ይቆጣጠራል። ውጤቱ ያልጠበቀው ዓይነት ሲሆን ሙከራውን በዚያው ሁኔታ ይደግመዋል፤ አንዳች ነገር ቢበላሽም ከቤተ ሙከራው ውጭ የሚጎዳ ሰው አይኖርም። ዳታቤዝ ያለው ድረ ገጽ የሚሠራ ሰውም እንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ ያስፈልገዋል። ይህም ቤተ ሙከራ የራሱ ኮምፒዩተር ነው።

ጉዳዩን በምሳሌ እንመልከት። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጀሞ ወይም በመካኒሳ አካባቢ፣ የሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ለማዛወር ፈለገ እንበል። የተማሪ ስምና የልደት ቀን ከመዝገቡ ወደ ትራንስክሪፕት፣ ከዚያም ወደ ሌሎች ሰነዶች ይሸጋገራል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የገባ ስሕተት ባለቤቱን ለዓመታት ሊከተለው ይችላል። ሙከራው በእውነተኛው መዝገብ ላይ መካሄድ የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው።

አራቱ ክፍሎች

እንዲህ ያለ ድረ ገጽ አራት ክፍሎች አሉት። ብራውዘሩ ጥያቄ ይልካል፤ ሰርቨሩ ጥያቄውን ይቀበላል፤ ፕሮግራሙ ምን መደረግ እንዳለበት ይወስናል፤ ዳታቤዙ መረጃውን ይጠብቃል፣ ሲጠየቅም ይሰጣል። አራቱም በተለያዩ ከተሞች ባሉ ኮምፒዩተሮች ላይ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ እንዳይሰባሰቡ የሚከለክል ነገር ግን የለም። ቲም በርነርስ ሊ በሰርን የፊዚክስ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1990 መጨረሻ የመጀመሪያውን የድረ ገጽ ሰርቨርና የመጀመሪያውን ብራውዘር ያስኬደው በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ነበር።

ይህን የሚያስችለው 127.0.0.1 የተባለው አድራሻ ነው። ወደዚህ አድራሻ የተላከ መልእክት ከኮምፒዩተሩ ሳይወጣ ወደ ራሱ ይመለሳል። በአንድ አድራሻ ላይ ያሉ ልዩ ልዩ አገልግሎቶች በፖርት ቁጥር ይለያሉ። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ በተለመደው አሠራር 5432ን፣ ማይኤስኪውኤል 3306ን ይጠቀማሉ። በፓይተን ቋንቋ የተሠራው ጃንጎ ደግሞ ለመለማመጃ 8000ን ይይዛል። ኢንተርኔት ቢቋረጥም እነዚህ ክፍሎች እርስ በርስ መነጋገራቸውን አያቆሙም።

አደረጃጀቱ በቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ፓይተንን፣ ፖስትግሬስንና የፕሮግራም ለውጦችን መዝግቦ የሚይዘውን ጊትን መጫን ነው። ኢንተርኔት በማይመችበት ቦታ የመጫኛ ፋይሎቹን አንድ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ አውርዶ በፍላሽ መውሰድ ይቻላል። የፓይተን ተጨማሪ ጥቅሎችም እንዲሁ በፋይል ተይዘው ያለ ኢንተርኔት ይጫናሉ።

ሁለተኛ፣ ለፕሮጀክቱ የተለየ የፓይተን ከባቢ መፍጠርና የእያንዳንዱን ጥቅል ስምና የዕትም ቁጥር በአንድ ፋይል መመዝገብ ነው። ይህ ፋይል በቤተ ሙከራ ሪፖርት ውስጥ የመሣሪያዎች ዝርዝር የሚሰጠውን አገልግሎት ይሰጣል፤ ሌላ ሰው ያንኑ ሙከራ ለመድገም የሚችለው ዝርዝሩ ሲኖረው ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ዳታቤዝ መክፈትና በዚያ ዳታቤዝ ላይ ብቻ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ መሰየም ነው። የይለፍ ቃሉ በፕሮግራሙ ጽሑፍ ውስጥ አይጻፍም፤ ጊት እንዳይመዘግበው በታዘዘ የተለየ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል።

አራተኛ፣ ሰንጠረዡን መንደፍ ነው። ብዙ የውጭ ፕሮግራሞች የግል ስምና የቤተሰብ ስም የሚሉ ሁለት ዓምዶች አሏቸው። እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም። ስለዚህ ስም፣ የአባት ስም እና የአያት ስም የሚሉ ሦስት ዓምዶች ያስፈልጉናል።

ሥራው በዚህ አያበቃም። መሣሪያ ከተገጠመ በኋላ እንደሚፈተሽ ሁሉ ከባቢውም በሦስት ፈተናዎች ማለፍ ይኖርበታል።

የፊደል ፈተና

የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ዕትም ውስጥ ተካቷል። መሠረታዊው ክፍል ከ4608 እስከ 4991 ያሉትን ቁጥሮች ይዟል። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ ከእነዚህ ፊደላት እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ለምሳሌ «ሀ» 225፣ 136 እና 128 ተብሎ ይቀመጣል። «ኃይሉ» የሚለው ስም ሦስት ፊደል ቢሆንም በዲስክ ላይ ዘጠኝ ባይት ነው።

ዳታቤዙ ፊደላችንን በማያውቅ የኮድ ሥርዓት ከተከፈተ፣ የገባው ስም በጥያቄ ምልክቶች ተተክቶ ሊቀመጥ ይችላል። በዚያን ጊዜ የጠፋው የፊደሉ መልክ ብቻ ሳይሆን መረጃው ራሱ ነው፤ ከጥያቄ ምልክት ተነሥቶ ስሙን መመለስ አይቻልም። ማይኤስኪውኤል እ.ኤ.አ. እስከ 2018 ድረስ፣ ማለትም ከ8.0 ዕትም በፊት፣ ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር የሚጀምረው በላቲን ኮድ ነበር። በተጨማሪም እ.ኤ.አ. በ2021 ለጉራጊኛ አጻጻፍ ወደ ዩኒኮድ የገቡት ፊደላት አራት ባይት ይፈልጋሉ። ስለዚህ በማይኤስኪውኤል የሚሠራ ሰው ሦስት ባይት ብቻ የሚቀበለውን አሮጌውን ሥርዓት ትቶ ባለ አራት ባይቱን መምረጥ አለበት።

ፍለጋም የራሱ ጣጣ አለው። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሃይሉ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። መፍትሔው ባለቤቱ የጻፈውን ሳይነኩ ማስቀመጥ፣ ለፍለጋ ብቻ ደግሞ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ የሚያመጣ ሌላ ዓምድ መጨመር ነው።

የቀን ፈተና

ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የቀን ዓይነት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተሠራ ነው። የእኛን ቀን በቀጥታ ብናስገባ ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ ጥቅምት 30 «ፌብሩዋሪ 30» ተብሎ ይነበባል፤ ጳጉሜንም ዐሥራ ሦስተኛ ወር ስለሆነች ቦታ የላትም። ፖስትግሬስ ሁለቱንም አይቀበልም። ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣው ኤስኪውላይት ግን የተለየ የቀን ዓይነት ስለሌለው ጥቅምት 30ን እንደ ተራ ጽሑፍ ያለ ተቃውሞ ያስቀምጣል። በቤት በኤስኪውላይት፣ በትምህርት ቤቱ ደግሞ በፖስትግሬስ የሚሠራ ተማሪ ስሕተቱን የሚያገኘው ዘግይቶ ነው። የቤተ ሙከራው ዳታቤዝ በሥራ ላይ ከሚውለው ጋር፣ እስከ ዕትም ቁጥሩ ድረስ፣ አንድ መሆን ያለበት ስለዚህ ነው።

ቀናችንን ለማስቀመጥ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት የጁሊያን ቀን ቁጥር ይረዳናል፦

ቁጥር = 1723855 + 365 × ዓመት + (ዓመት ÷ 4፣ ቀሪው ተትቶ) + 30 × (ወር − 1) + ቀን

ቀመሩን በሚሌኒየሙ ዋዜማ እንፈትነው። ጳጉሜን 6 ቀን 1999 ዓ.ም. ሲሰላ 1723855 + 729635 + 499 + 360 + 6 = 2454355 ይሆናል። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ደግሞ 1723855 + 730000 + 500 + 0 + 1 = 2454356 ነው። ልዩነቱ በትክክል አንድ ቀን ነው። ፖስትግሬስ ይህን ቁጥር እንደ ቀን ተቀብሎ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 በማለት ይተረጉመዋል።

የመብራት ፈተና

አንድ ተማሪ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዛወር ከአንዱ ዝርዝር ይሰረዛል፣ በሌላው ይጻፋል። በሁለቱ መካከል መብራት ቢጠፋ ተማሪው ከሁለቱም ዝርዝር ሊጠፋ ይችላል። ሁለቱ ተግባራት በአንድ ትራንዛክሽን ከታሰሩ ግን ወይ ሁለቱም ይፈጸማሉ፣ ወይ አንዱም አይፈጸምም። ፖስትግሬስ ማንኛውንም ለውጥ በመጀመሪያ በተለየ የሂደት መዝገብ ላይ ስለሚጽፍ፣ መብራት ሲመለስ ያንን አንብቦ ራሱን ያስተካክላል። ይህን ማመን ብቻ አይበቃም፤ ዝውውሩን ጀምሮ ከማጽደቅ በፊት ዳታቤዙን በኃይል ማቋረጥ፣ ከዚያም ከፍቶ ተማሪው በቀድሞ ክፍሉ መኖሩን ማየት ይገባል።

የሰው መረጃ በቤተ ሙከራ ቦታ የለውም

ለሙከራ የሚያገለግሉት ስሞችና የልደት ቀኖች የተፈጠሩ መሆን አለባቸው። እውነተኛው መዝገብ በፍላሽ ተገልብጦ በግል ላፕቶፕ ከተቀመጠ፣ ላፕቶፑ የጠፋ ዕለት የመቶዎች መረጃ አብሮ ይጠፋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰው መረጃ የሚይዝ አካል መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ከቤተ ሙከራው ወደ ትምህርት ቤቱ የሚሄደው ፕሮግራሙና የሰንጠረዡ ንድፍ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ወደ ቤተ ሙከራው የሚመጣ የተማሪ መረጃ ግን አይኖርም።

መልመጃ

ከላይ በተሰጠው ቀመር ጳጉሜን 6 ቀን 2000 ዓ.ም. እና መስከረም 1 ቀን 2001 ዓ.ም. ምን ያህል እንደሚሆኑ አስሉ። ሁለቱም 2454721 ይሆናሉ። ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 በሚተርፍበት ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ቀን ከቶ አልነበረም፤ ቀመሩ ግን ይህን አይነግረንም። እንግዲህ አንባቢያን ይህን የሌለ ቀን ለይቶ የማይቀበል ፕሮግራም በራሳቸው ኮምፒዩተር ላይ ጽፈው እንዲፈትኑ እንጋብዛለን።